የተሰበረው መስኮት እንዴት ዳነ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ በሱፐርሂሮ ፊልሞች ላይ ስለሚታዩ ስህተቶች የሚጠይቁ ናቸው። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በመጀመሪያው «ስፓይደርማን» ላይ ሜሪ ጄንን በዝናብ አራት ወሮበሎች ይከቧታል። ስፓይደርማን ይደርስና ሁለቱን ከኋላዋ ባሉት መስኮቶች አሾልኮ ይወረውራቸዋል። መስታወቱ ሲረግፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ካሜራው ወደ እሷ ሲመለስ ግን መስኮቶቹ ምንም አልሆኑም። ይህን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበት ፊልም ላይ ይህን የሚያይ አንድ ሰው ጠፋ?
— ከገርጂ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ዓይንዎ አልዋሸም። ሳም ሬይሚ አዘጋጅቶት በ2002 ከወጣው ፊልም ስህተቶች በጣም የታወቀው ይኸው ነው። እዚያው ፊልም ላይ ሌላም አለ፦ ፒተር መኝታ ክፍሉ ውስጥ ድር መወርወር ሲለማመድ መብራቱን በድር ስቦ ከግድግዳ ጋር ያላትመዋል፤ አክስቱ ሜይ በር ላይ ቆማ ስታናግረው ግን መብራቱ ደህና ሆኖ ቦታው ላይ ተቀምጧል።

የመስኮቱን ነገር ለመረዳት ትዕይንቱን ለሁለት ከፍለው ይዩት። አንደኛው ሰው በመስኮት ሲወረወር የሚያሳየው ሾት፣ ማለትም ካሜራው ሳይቆም የቀረጸው አንድ ቁራጭ ነው፤ እዚህ የሚወድቁት አደገኛውን ድርጊት በተዋናዩ ፋንታ የሚሠሩት የስታንት ባለሙያዎች ናቸው። ሁለተኛው የሜሪ ጄን ፊት የሚታይበት ሾት ነው፤ እዚህ ያለችው ተዋናይዋ ከርስተን ደንስት ናት። የካሜራው ቦታ፣ መብራቱ፣ ፊት ለፊት የሚቆሙት ሰዎች ሁሉ ስለሚለያዩ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይቀረጹም። አንዳንዴ ቀኑም ይለያያል። ትልልቅ ፊልሞች ላይ ደግሞ ስታንቱን ብዙ ጊዜ የሚቀርጸው ሁለተኛ ዩኒት የሚባል ራሱን የቻለ ቡድን ነው።

ከዚያ የመስታወቱ ጣጣ አለ። ለፊልም የሚሰበረው መስታወት ድሮ ከስኳር ይሠራ ነበር፤ አሁን በቀላሉ ከሚፈረካከስ ሬዚን ስለሚሠራ ሰው አይቆርጥም። መስኮቱ ሰፊ ከሆነ ቴምፐርድ መስታወት ይገጠምና ሰውየው ሊደርስበት ሲል ጥጉ ላይ በተተከለች ትንሽ ፈንጂ ይፈነዳል። ቴምፐርድ መስታወት አንድ ቦታ ከተሰበረ ሁለመናው ደቃቅ ስባሪ ይሆናልና። የትኛውንም ይጠቀሙ፣ አንድ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ ስባሪው ይለቀማል፣ ወለሉ ይጠረጋል፣ አዲስ ይገጠማል። በዚያ ላይ ሰው ሠራሽ ዝናብ እየወረደ ነው። ስለዚህ የተዋናዮች ፊት የሚታይባቸው ሾቶች ብዙውን ጊዜ መስኮቱ ሙሉ ሳለ ይቀረጻሉ። ስክሪፕቱ ላይ «እስከዚህ ቃል ድረስ መስኮቱ ሙሉ፣ ከዚህ ቃል በኋላ ስብር» የሚል ምልክት ካልተደረገ ከስብራቱ በኋላ የሚገባው ሾት ሙሉ መስኮት ይዞ ይመጣል።

ያንን ምልክት የሚያደርገው ስክሪፕት ሱፐርቫይዘር ነው፤ የእኛ ፊልም ሠሪዎች በአጭሩ «ኮንቲኒዩቲ» የሚሉት ሰው። ስህተት በታየ ቁጥር ግን ጥፋተኛው እሱ አይደለም። አይቶት፣ ጽፎት፣ ተናግሮትም ሊሆን ይችላል። ኤዲተሩ ፊት ሁለት ሾት ይቀርባል እንበል፦ በአንዱ መስኮቱ ልክ ነው፣ ተዋናይዋ ግን ቀዝቅዛለች፤ በሌላው መስኮቱ ተሳስቷል፣ ፍርሃቱ ግን ፊቷ ላይ አለ። ጥሩ ኤዲተር ሁለተኛውን ያነሣል። ታላቁ ኤዲተር ዋልተር መርች የአንድ ቆረጣን፣ ማለትም ከአንድ ሾት ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ቦታ፣ ጥራት በምን እንደሚመዝን በመቶኛ አስቀምጦታል፦ ስሜት 51፣ ታሪክ 23፣ ምት 10፣ የተመልካቹ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ 7፣ የምስሉ አቀማመጥ 5፣ የስፍራው ትክክለኛነት 4። የእርስዎ መስኮት የሚመደበው ከመጨረሻዋ አራት በመቶ ላይ ነው። ሁሉንም ማሟላት ካልተቻለ መጀመሪያ የሚጣለው ከታች ያለው ነው። ይህ ምርጫ ትክክል ነው ብለን እናምናለን። እርስዎ መስኮቱን ያዩት ትዕይንቱን ደጋግመው ስላዩት ይሆናል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው የሚያየው ሜሪ ጄንን ነው።

ጥያቄ፦ የድሮው «ሱፐርማን» ላይ ክሪስቶፈር ሪቭ መሬት ላይ ሲቆም ልብሱ ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ ሲበር ግን አንዳንዴ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ቴሌቪዥኔ ነው ወይስ ፊልሙ?
— ከደሴ

መልስ፦ ፊልሙ ነው። ሪቻርድ ዶነር በ1978 ያወጣው ይህ ፊልም በተሠራበት ጊዜ ሰውን ከአንድ ቦታ ቆርጦ ሌላ ምስል ላይ ለመለጠፍ የሚጠቅመው ሰማያዊ መጋረጃ ነበር። ተዋናዩ በመጋረጃው ፊት ይቀረጻል፤ ከዚያ በላቦራቶሪ ሰማያዊው ሁሉ ተለይቶ ይወጣና በቦታው ሰማይና ደመና ይገባል። የሱፐርማን ልብስ ደግሞ ራሱ ሰማያዊ ነው። እንዳለ ቢቀረጽ ሰማያዊው ልብስ ከመጋረጃው ጋር አብሮ ይጠፋና ደመናው በደረቱ በኩል ይታያል። ስለዚህ ለነዚህ ሾቶች ቱርኩዋዝ የሚባለው ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ ልብስ ተሠራለት፤ ቀለሙን ወደ ትክክለኛው የመመለሱ ሥራ በኋላ በላቦራቶሪ ተሠራ። መመለሱ በሁሉም ሾት እኩል አልተሳካም፤ እርስዎ ያዩት የቀረውን ነው።

ከፊልሙ የበረራ ሾቶች በጣም የሚያምኗቸውን ልብ ብለው ካዩ ግን ብዙዎቹ የተሠሩት በሌላ ዘዴ ነው። ዞራን ፔሪሲች የሠራው ዞፕቲክ የሚባል መሣሪያ ነበር። ተዋናዩ ብርሃንን መልሶ በሚያንጸባርቅ ልዩ ስክሪን ፊት ይንጠለጠላል፤ የሰማዩ ምስል ከፊት በፕሮጀክተር ይለቀቅበታል። ካሜራውም ፕሮጀክተሩም ዙም ሌንስ አላቸው፣ ሁለቱም አንድ ላይ ታስረው እኩል ይንቀሳቀሳሉ። ካሜራው ዙም ሲያደርግ ተዋናዩ እየገዘፈ ይመጣል፤ ፕሮጀክተሩ በዚያው ልክ ምስሉን ስለሚያሳንሰው ሰማዩ ባለበት ይቆያል። ሰውየው ካለበት ንቅንቅ ሳይል ወደ እኛ የሚበር ይመስላል። ፔሪሲች ለፊልሙ በተሰጠው ልዩ ኦስካር ከተሸለሙት አንዱ ነው።

የቀለሙ ችግር ከ24 ዓመት በኋላም አልለቀቀም። «ስፓይደርማን» ላይ ጀግናው ቀይና ሰማያዊ ይለብሳል፣ ጠላቱ ግሪን ጎብሊን አረንጓዴ ነው። ስፓይደርማን በሰማያዊ መጋረጃ ፊት ሊቆም አይችልም፤ ጎብሊን ደግሞ በአረንጓዴ ፊት። ስለዚህ ስፓይደርማን በአረንጓዴ፣ ጎብሊን በሰማያዊ መጋረጃ ፊት ለየብቻ ተቀርጸው በኮምፒውተር ተገናኙ። አየር ላይ ሲታገሉ አንዱ የሚያየው ከሌላው ዓይን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ቦታ መስሎ ከታየዎት ምክንያቱ ይህ ነው፤ ተዋናዩ የሚመለከተው በዘንግ ጫፍ የተሰቀለ ምልክት ሊሆን ይችላል። ትከሻና ጸጉር ዳር ላይ አረንጓዴ ጭላንጭል ካዩ ደግሞ ከመጋረጃው ተንጸባርቆ የተረፈ ብርሃን ነው።

ጥያቄ፦ የ2017ቱ «ጀስቲስ ሊግ» ላይ የሱፐርማን አፍ ምን ሆኖ ነው? ልጆቼ «ጥርሱን ነቅሎ መጥቶ ነው» ይላሉ።
— ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ጥርሱ ደህና ነው፤ ጣጣው ከሪዙ ነው። ዋናው ቀረጻ ካለቀ በኋላ አዘጋጁ ዛክ ስናይደር በቤተሰቡ ላይ በደረሰ ሐዘን ሥራውን ለቀቀና ጆስ ዊደን ተተካ፤ ብዙ ትዕይንቶችም እንደገና ተቀረጹ። በዚያን ጊዜ ሱፐርማንን የሚሠራው ሄንሪ ካቪል ለስድስተኛው «ሚሽን ኢምፖሲብል» ወፍራም ሪዝ አሳድጎ ነበር። የዚያ ፊልም ባለቤት ፓራማውንት እንዲላጭ አልፈቀደም። ስለዚህ ከነሪዙ ተቀረጸና ሪዙ በኮምፒውተር ጠፋ።

ይህ ጸጉር ከማጥፋት ያለፈ ሥራ ነው። ከሪዙ ሥር ያለው ቆዳ ካሜራው ላይ የለም፤ ስለዚህ ከአፍንጫው ሥር እስከ ከንፈሩ ያለው ሁሉ እንደ አዲስ ይሠራል። ሰው ሲናገር በብዛት የሚንቀሳቀሰው የፊቱ ክፍል ደግሞ ይኸው ነው፦ «ብ» እና «ም» ሲል ከንፈሩ ይገጥማል፣ «ኡ» ሲል ይሾላል፣ ፈገግ ሲል ይሳሳና ከአፍንጫው ግራና ቀኝ ያለው መስመር ይጠልቃል። ከነዚህ አንዱ በጥቂቱ ከዘገየ ወይም ከተጋነነ ዓይናችን ወዲያው ይይዘዋል፤ የሰው አፍ ከልጅነታችን ጀምሮ ስናነብ ነውና የኖርነው። ልጆችዎ ስለ ቪዥዋል ኢፌክት ምንም ሳያውቁ «አፉ ላይ የሆነ ነገር አለ» ማለታቸው ትልቅ ማስረጃ ነው። በእኛ ግምት ካቪል ተላጭቶ ለሌላኛው ፊልም አርቴፊሻል ሪዝ ቢለጠፍለት ኖሮ ወጪውም ጉዳቱም በእጅጉ ይቀንስ ነበር።

እንደገና የሚቀረጽ ትዕይንት ሁሉ ይህ አደጋ አለበት፤ ተዋናዩ በመሃሉ ሌላ ሥራ ጀምሯልና። የ2015ቱ «ፋንታስቲክ ፎር» ላይ ተዋናይዋ ኬት ማራ ጸጉሯን አሳጥራ ስለነበር ለተጨማሪው ቀረጻ ዊግ ተደረገላት። የዊጉ ቀለምና አወዳደቅ ከራሷ ጸጉር ስለሚለይ የትኛው ትዕይንት በኋላ እንደተጨመረ ጸጉሯን አይቶ መለየት ይቻላል። በ2012 «ዘ አቬንጀርስ» መጨረሻ ላይ ጀግኖቹ ተቀምጠው ሻዋርማ ሲበሉ ካፒቴን አሜሪካ ፊቱን በእጁ ደግፎ የተቀመጠውም በከንቱ አይደለም። ያ ትዕይንት የተቀረጸው ፊልሙ ሎስ አንጀለስ ላይ ከተመረቀ በኋላ ነው፤ ካፒቴን አሜሪካን የሚሠራው ክሪስ ኤቫንስ ለሌላ ፊልም ለ«ስኖውፒርሰር» ጢም አሳድጎ ስለነበር ጢሙን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ አገጭ ተለጠፈበት፣ እጁ ደግሞ ያንን ሸፈነ። ይህ ብልህ መፍትሔ ነው። ያን ያህል ወጪ ሳያስወጣ ችግሩን ከካሜራው ፊት ዞር አድርጎታል።

በአንድ ፊልም ላይ ሁለት አዘጋጅ ሲፈራረቅ ምን እንደሚመጣ ማየት ከፈለጉ «ሱፐርማን 2»ን ያግኙ። ዶነር አብዛኛውን ከቀረጸ በኋላ ተሰናበተና ሪቻርድ ሌስተር ጨረሰው። ሌክስ ሉተርን የሠራው ጂን ሃክማን ለአዲሱ ቀረጻ አልመለስም በማለቱ በአንዳንድ ሾቶች ላይ የምናየው ተተኪ ሰው ነው፤ ድምፁም የአስመሳይ ነው። በ2006 የዶነር ቅጂ ሲወጣ ደግሞ ያልተቀረጸውን አንድ ትዕይንት ለመሙላት የሪቭና ሎይስ ሌንን የሠራችው የማርጎት ኪደር የሙከራ ቀረጻዎች ገቡ። ሁለቱ ሙከራዎች የተቀረጹት በተለያየ ጊዜ በመሆኑ የሪቭ ጸጉርና የሰውነቱ ስፋት በአንድ ንግግር መሃል ይለዋወጣል።

ጥያቄ፦ «ዘ ዳርክ ናይት ራይዝስ» ላይ ቤን የአክሲዮን ገበያውን የሚዘርፈው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሞተር ብስክሌት ላይ ወጥተው ትንሽ እንደሄዱ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ስንት ሰዓት ነዱ?
— ከዱባይ

መልስ፦ ፊልሙ ራሱ በሚነግረን ቁጥር ስምንት ደቂቃ። ኮምፒውተሩ ሥራውን ለመጨረስ ይህን ያህል እንደሚቀረው ከመውጣታቸው በፊት ይነገራል። ስለዚህ ስህተቱ ስህተት ነው። ነገር ግን እንዴት እንደተደበቀ ይዩ፦ በቀኑና በሌሊቱ መካከል መሿለኪያ መንገድ አለ። ቀን ገብተው ጨለማ ውስጥ ይቆያሉ፣ ሲወጡ መሽቷል። ባትማን ከስምንት ዓመት በኋላ የሚመለስባት ቅጽበት እዚያ ናት፤ የመሿለኪያው መብራቶች አንድ በአንድ ሲጠፉ የሚሰማንን ስሜት በቀን ብርሃን ማምጣት አይቻልም። ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው በጠራራ ፀሐይ ሲቀረጽ ደግሞ ልብሱ የላስቲክ ባሕሪው ይወጣበታል። አዘጋጁ ክሪስቶፈር ኖላን ሰዓቱን ሠውቶ ስሜቱን ገዝቷል። እኛ ግን ያቺ «ስምንት ደቂቃ» የምትለዋ ንግግር ብትወጣ ኖሮ ማንም ልብ አይለውም ነበር እንላለን።

ጥያቄ፦ ማርቭሎች ታሪኩን ሁሉ አስቀድመው ያቅዱታል ይባላል። ታዲያ ዓመቶቹ ለምን አይገጥሙም?
— ከመቀሌ

መልስ፦ ሁሉንም አስቀድመው ስለማያቅዱት። «ስፓይደርማን፦ ሆምካሚንግ» በ«ዘ አቬንጀርስ» ላይ በታየው በ2012ቱ የኒው ዮርክ ጦርነት ማግስት ይጀምርና «ከ8 ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ነገር ግን ቀጣዩ ታሪክ የሚሆነው ከ2016ቱ «ካፒቴን አሜሪካ፦ ሲቪል ዋር» ፊልም ታሪክ ጥቂት ወራት በኋላ ነው፤ ልዩነቱ አራት ዓመት ገደማ ነው። ከማርቭል ፊልሞች አዘጋጆች አንዱ ጆ ሩሶ ቁጥሩ ስህተት መሆኑን በኋላ ተናግሯል። የክፉው ገጸ ባሕርይ የሳኖስ ጓንትም እንዲሁ፦ በ2011 «ቶር» ላይ በኦዲን ግምጃ ቤት የቀኝ እጅ ጓንት ይታያል፤ በኋላ ሳኖስ የሚያጠልቀው የግራውን ነው። በ2017 «ቶር፦ ራግናሮክ» ላይ ሄላ የግምጃ ቤቱን ጓንት ገፍታ ትጥልና ሐሰተኛ ነው ትላለች፤ በዚህች አንድ ቃል የስድስት ዓመት ስህተት ተዘጋ። «ኤክስ-ሜን» ግን ሊዘጋው አልቻለም። በ2011ዱ ፊልም ፕሮፌሰር ኤክስ በ1962 እግሮቹ ሽባ ይሆናሉ፤ በ2006ቱ ፊልም መግቢያ ላይ ግን ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ ዘግይቶ በእግሩ ሲሄድ አይተነዋል።

ጥያቄ፦ «ብላክ ፓንተር» ላይ አረንጓዴ ሱፍ የለበሰው ሽማግሌ ከንፈሩ ላይ ሸክላ አድርጓል። በእኛ አካባቢ ይህ የሴቶች ነው። ይህን ሳያጣሩ ነው የሠሩት?
— ከጂንካ

መልስ፦ ያሉት ልክ ነው። በሙርሲና በሱሪ ብሔረሰቦች ዘንድ በታችኛው ከንፈር ላይ ሸክላ የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። ልጅቷ 15 ወይም 16 ዓመት አካባቢ ሲሆናት እናቷ ወይም ሌላ ሴት ከንፈሯን ትበጣለች፤ ቁስሉ እስኪሽር በእንጨት ይያዛል፤ ከዚያ መጠኑ ቀስ በቀስ እየተተካ ይሰፋል። ወንዶች ጆሯቸውን ይበሳሉ እንጂ የከንፈር ሸክላ አያደርጉም። ፊልሙ ላይ ያደረገው ግን የወንዝ ጎሣ ሽማግሌ ሆኖ የሠራው አይዛክ ደ ባንኮሌ ነው፤ ወንድ ነው።

ኮንቲኒዩቲ ለሚቆጣጠር ሰው ይህ ስህተት አይባልም። ሽማግሌው በታየ ቁጥር ሸክላው አለ፣ መጠኑም አይለዋወጥም። የልብሶቹ ንድፍ አውጪ ሩት ካርተር ለዚህ ፊልም ኦስካር ያገኘችው ዋካንዳ የምትባለውን የሌለች አገር ከብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች አልባሳትና ጌጥ አውጣጥታ በማልበሷ ነው፤ አገሪቱ ልብ ወለድ ስለሆነች «በዋካንዳ ወንዱም ያደርገዋል» ማለት ይቻላል። ቢሆንም ቅሬታዎን እንጋራለን። ቀለምና ጥለት መዋስ አንድ ነገር ነው። የከንፈር ሸክላ ግን የአንዲትን ሴት ዕድሜና የጋብቻ ደረጃ የሚናገር፣ በገዛ አካሏ ላይ ሕመም ችላ የምትሸከመው ነገር ነው፤ ሸክላው ወደ ወንድ ሲዛወር ይህ ሁሉ ከላዩ ይራገፋል። ዓለም ሁሉ ያየው ምስል ስለሆነ ጥያቄዎ ይገባል።

ጥያቄ፦ አንድ የድሮ ፊልም በቴሌቪዥን ሳይ ከተዋናዩ ራስ በላይ ማይክ ተንጠልጥሎ አየሁ። ጓደኛዬ ሲኒማ ቤት አይቶት የለም ይላል።
— ከአሶሳ

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ብዙ የድሮ ፊልሞች ሲቀረጹ ከላይና ከታች ትርፍ ምስል ይይዙ ነበር፤ ሲኒማ ቤት ፕሮጀክተሩ ላይ የሚገጠመው መከለያ ትርፉን ይሸፍነዋል። ስፋቱና ቁመቱ ለሚቀራረበው የድሮ ቴሌቪዥን ሲዘጋጅ መከለያው ተነሥቶ ትርፉ ከተገለጠ ማይኩ አብሮ ይገለጣል። ጥፋቱ የማይክ ያዡ ሳይሆን ቅጂውን ያዘጋጀው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን። የ12 ደቂቃ የሱፐርሂሮ አጭር ፊልም በአምስት ቀን ልንቀርጽ ነው። አንድ ካሜራ፣ አንድ የጀግና ልብስ ከነካባው አለን። ኮንቲኒዩቲ የሚባል ባለሙያ የመቅጠር አቅም የለንም። ምን እናድርግ?
— ከሐዋሳ

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ሰው መድቡ። ሦስት ብቻ ብትሆኑም አራተኛ ሰው ለምኑና ሌላ ምንም ሥራ አትስጡት። መብራት የያዘ ወይም ሻይ የሚያመጣ ሰው ካባው በየትኛው ትከሻ ላይ እንደነበር ሊያስታውስ አይችልም። ቦታው ከካሜራው አጠገብ ነው፤ ሲናገርም «ከት» ከተባለ በኋላና ቀጣዩ ቴክ (የዚያው ሾት ድጋሚ ቀረጻ) ከመጀመሩ በፊት ለዳይሬክተሩ ብቻ ይናገር።

ከቀረጻው በፊት ስክሪፕቱን በታሪኩ ቀኖች ከፋፍሉት፦ ቀን 1፣ ሌሊት 1፣ ቀን 2። ለእያንዳንዱ ትዕይንት በአንድ መስመር የልብሱን ሁኔታ፣ ቁስሉን፣ ጸጉሩን፣ እጁ ላይ ያለውን ዕቃ ጻፉ። ለልብሱ ቁጥር ስጡት፦ 0 ንጹሕ፣ 1 አቧራ የነካው፣ 2 ትከሻው የተቀደደ፣ 3 የተቀደደና ደም ያለበት። ሆሊዉድ ለእያንዳንዱ ደረጃ የተለየ ልብስ ያሰፋል፤ እናንተ ያላችሁ አንድ ስለሆነ የቀረጻውን ቅደም ተከተል ለልብሱ አስገዙት። 0 የሆኑትን ትዕይንቶች በሙሉ ጨርሱ፣ ከዚያ 1፣ ከዚያ 2። አቧራ ይራገፋል፤ የተቀደደ ጨርቅ ግን አይመለስም። መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት የ0 እና የ1 ትዕይንቶች በእርግጥ ማለቃቸውን፣ ፋይሎቹም ሁለት ቦታ መገልበጣቸውን አረጋግጡ።

ደሙን ስኳር በውሃ አፍልታችሁ፣ አወፍራችሁ፣ ቀይ የምግብ ቀለምና ጠቆር እንዲል ጥቂት ጠብታ ቡና ጨምራችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ቀለሙ ጨርቅ ላይ ስለሚቀር መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሩት። ሜዳ ላይ ዝንብ ይጠራል፤ ፊት ላይ የሚቀባው ለቅርብ ሾት ብቻ ይሁን። ቁስሉ በየቀኑ እንደገና ስለሚሠራ ልኩን በመሥፈሪያ ለኩ፦ ከቅንድቡ ጫፍ ሁለት ሴንቲ፣ ርዝመቱ ሦስት ሴንቲ። «ግንባሩ ላይ ትንሽ ቁስል» ተብሎ የተጻፈ ቁስል በማግስቱ ቦታ ይቀይራል።

ፎቶ አንሡ። ከየሾቱ በፊትና በኋላ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከዚያ እጆቹንና ጫማውን ለብቻ። ፊት የሚያሳምረውን የስልኩን ፊልተር አጥፉ፤ ስልክ ቀለም በራሱ ስለሚቀይር ጠርዝ ላይ ነጭ ወረቀት ይግባ፤ የትዕይንቱና የቴኩ ቁጥር የተጻፈበት ክላፐርም ፎቶው ውስጥ ይታይ። ቁጥሩ የሌለው ፎቶ ሦስተኛው ቀን ላይ ከንቱ ነው።

ስክሪፕቱ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሾት ከላይ ወደ ታች መስመር አሥምሩ። ተናጋሪው በካሜራው ሲታይ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ድምፁ ብቻ ሲሰማ የተጠማዘዘ ይሁን። መስመር ያልነካው ንግግር ካለ ያልተቀረጸ ነገር አለ ማለት ነው፤ ከቦታው ሳትነሡ ታውቁታላችሁ። ድርጊትን ከቃል ጋር አያይዛችሁ ጻፉ፦ «‹ተው› ሲል ማስኩን በቀኝ እጁ ያወልቃል፤ ካባው በግራ ትከሻው ወደ ፊት።» በየሾቱ የምትለዋወጠው ብዙ ጊዜ ይህቺ ናት።

ካሜራው ላይ ምንም ነገር አውቶ አይሁን። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50 ሰከንድ ያዙ፤ አለበለዚያ ፍሎረሰንት ባለበት ክፍል ምስሉ ይርገበገባል። ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን ኋይት ባላንስ በቁጥር ቆልፉ፤ ለቀን ብርሃን 5600 ኬልቪን ጥሩ መነሻ ነው። ካባውን በማራገቢያ የምታውለበልቡ ከሆነ ማራገቢያው በየት በኩል እንደቆመና ስንተኛ ፍጥነት ላይ እንደነበር ጻፉ፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው የሁለቱም ልብስ ወደ ካሜራው ከበረረ ነፋሱ ከሁለት አቅጣጫ መጥቷል ማለት ነው። በድብድቡ ጊዜ በሁለቱ ተፋላሚዎች መሃል መስመር አስቡና ካሜራው ከመስመሩ አንድ ወገን አይውጣ፤ ከወጣ በግራ የነበረው በቀኝ ይሆንና ማን ማንን እንደመታ ይጠፋል።

ፀሐይን አክብሩ። ሰፊውን ሾት መጀመሪያ፣ የቅርቡን በኋላ ቅረጹ፤ ፀሐይ ስትዞር የቅርቡን በነጭ አንሶላ ማስተካከል ይቻላል፣ ሰፊውን ግን አይቻልም። ሐዋሳ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ድንግዝግዝታው ሃያ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ጀግናው በዚያ ብርሃን እንዲታይ ከፈለጋችሁ አንድ ወይም ሁለት ሾት እንጂ ሙሉ ትዕይንት አታቅዱ። የግድግዳ ሰዓት ካለ ባትሪውን አውጡ። የሻይ ብርጭቆ ካለ መጠኑን ከካሜራው በማይታየው በኩል በፕላስተር ምልክት አድርጉ።

ድምፅን የሚረሳ ብዙ ነው። አንድ ንግግር ከሁለት አቅጣጫ ስትቀርጹ ከሩቅ የሚሰማ ቅዳሴ ወይም አዛን በአንዱ ሾት ኖሮ በሌላው ከሌለ ቆረጣው ላይ ድምፁ ብቅ ጥልቅ ይላል። ጠብቁና ሲያበቃ ቀጥሉ። ከየቦታው ከመነሣታችሁ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ የአካባቢውን ድምፅ ብቻ አንድ ደቂቃ ቅረጹ፤ ኤዲተሩ ክፍተቱን የሚሞላው በዚያ ነው።

ሁሉንም አድርጋችሁም አንድ ነገር ያመልጣል። ስለዚህ በየትዕይንቱ ሦስት አራት መሸፈኛ ሾት ያዙ፦ የጫማ እርምጃ፣ የሚጨበጥ እጅ፣ ቀና ብሎ የሚያይ ተመልካች፣ ሰማይ። እያንዳንዱን ድርጊት ደግሞ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስት ሰከንድ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ አልፋችሁ ጨርሱ። ኤዲት ላይ ካባው ትከሻ ቀይሮ ብታገኙት እንቅስቃሴው መሃል ላይ ቁረጡ፤ ሰው እጅ ሲወነጨፍ ሲያይ ትከሻ አያይም። እሱም ካልሆነ ከመሸፈኛዎቹ አንዱን ለአንድ ሰከንድ ተኩል አስገቡ። ያም ካልሠራ ከሁለቱ ቴኮች ተዋናዩ የተሻለበትን ምረጡና ካባውን ተዉት።